የአደባባይ በዓልን በፊልም ማንሳትና ትዝታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በመሃል አዲስ አበባ የሚካሄዱ ሰልፎችንና የአደባባይ በዓላትን በፊልም ካሜራ ለሚያነሱ፣ እንዲሁም የቤተሰብ ኔጋቲቭ (ፎቶ የሚታተመው ከእሱ የሆነ የታጠበ ፊልም) በእጃቸው ለሚገኝ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

በመሃል ከተማው በፊልም ለማንሳት የሚመቹት የትኞቹ በዓላት ናቸው?

በየዓመቱ የሚመላለሱት ብዙ ናቸው። መስከረም 16 ቀን በመስቀል አደባባይ ደመራ ይለኮሳል። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ በ2012 ዓ.ም. ወደ ከተማዋ የተመለሰው ኢሬቻ ይከበራል። ጥር 10 እና 11 ቀን ታቦታት ወደ ጃን ሜዳ ወርደው ይመለሳሉ፤ የካቲት 23 ቀን ደግሞ የዓድዋ ድል በዓል በፒያሳ፣ በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ይከበራል። የመስቀል በዓል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል።

ለጀማሪ የምመርጠው ከተራን ነው። ታቦታቱ የሚወጡት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የጥር ፀሐይ ወደ ጎን ዘንበል ማለት ይጀምራል፤ ሰልፉ ቀስ ብሎ ይጓዛል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። አንድ ፎቶ ያመለጠው ሰው ሃምሳ እርምጃ ቀድሞ ቢጠብቅ ያንኑ ሰልፍ እንደገና ያገኘዋል። ደመራ ግን ብርሃኑ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለዋወጥበት በመሆኑ ለመጀመሪያ ፊልም ከባድ ነው።

ሁሉም ሰው ስልክ በያዘበት ዘመን ፊልም ምን ይጨምራል?

በአንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ይነሳል፤ የተነሳውም ወዲያው አይታይም። ልዩነቱ ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። በስልክ የሚያነሳ ሰው ሰልፉ ከፊቱ ሳያልፍ ፎቶውን ስለሚያይ፣ በዕለቱ የሚያስታውሰውና በስልኩ ላይ ያየው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ይደባለቁበታል። በፊልም የሚያነሳ ሰው ግን ፊልሙ ታጥቦ እስኪደርሰው ድረስ፣ ሳምንትም ይሁን ወር፣ ትዝታውን ብቻውን ይዞት ይቆያል። ፎቶው ሲመጣ ሁለቱን ማነጻጸር የሚችለው እሱ ነው። ዋጋውን፣ ድካሙንና የሚበላሸውን ፊልም ችዬ በዚህ ሥራ የቆየሁት ለዚህ ንጽጽር ስል ነው፤ ጥራት ብቻ የሚፈልግ ሰው በዲጂታል ቢያነሳ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያተርፋል።

ምን ዓይነት ካሜራና ፊልም ይበቃል?

ባትሪ ባይኖረውም የሚሠራ ማንኛውም ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ፣ ባለ 50 ወይም ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ ይበቃል። ረጅም ሌንስ በሰው መሃል ስለማያንቀሳቅስ አልመክረውም። ከጥቁርና ነጭ ፊልሞች ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ እና እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በ35 ሚሊ ሜትር የሚሸጠው ኮዳክ ትራይ-ኤክስ፣ ከባለ ቀለሞቹ ደግሞ ኮዳክ ፖርትራ 400 ይቅርታ የሚያደርጉ ፊልሞች ናቸው፤ የብርሃኑ መጠን ትንሽ ቢሳሳትም ፎቶው ይወጣል።

ፊልሙን የሚያመጣው ዘመድ ከውጭ አገር በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ፣ በአዳዲሶቹ የአውሮፕላን ማረፊያ መፈተሻ ማሽኖች ውስጥ ሳያሳልፍ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። የእነዚህ ማሽኖች ጨረር ያልታጠበ ፊልምን ያጨልመዋል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ከታጠበ በኋላ ነው።

የብርሃን መለኪያ ከሌለኝ እንዴት ላንሳ?

በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጎ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ አይኤስኦ ቁጥር (ፊልሙ ብርሃንን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚቀበል ከሚያሳየው ቁጥር) ጋር ማቀራረብ ነው። ለባለ 400 ፊልም ፍጥነቱ 1/500 ይሆናል ማለት ነው። ደመና ሲሸፍን ቀዳዳውን ወደ 8 መክፈት ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ፣ ጥላዋም ጠቆር ያለ ነው፤ ስለዚህ በፀሐይ የተለካው መጠን በዛፍ ወይም በጃንጥላ ጥላ ሥር ለቆመ ሰው ፊት አይሠራም።

መለኪያ ያለው ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ በጥምቀት ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። መለኪያው የሚያየውን ሁሉ ግራጫ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ በነጠላና በሀገር ባህል ቀሚስ የተሞላ መንገድ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና መጠኑን ይቀንሳል። ውጤቱ ግራጫ ነጠላና ጨለማ ፊት ነው። መፍትሔው ቀርቦ ፊትን ለክቶ መጠኑን እዚያው ላይ ማቆም፣ ካልሆነም መለኪያው ካሳየው አንድ ደረጃ መጨመር፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ኔጋቲቭ ፊልም የበዛ ብርሃንን ይችላል፤ ያነሰውን ግን አይምርም።

ለደመራ ምሽት ባለ 400 ጥቁርና ነጭ ፊልምን እንደ 1600 ቆጥሮ አንስቶ የሚታጠብበትን ጊዜ ማስረዘም ይቻላል። ይህን ያደረገ ሰው ቁጥሩን እዚያው በፊልሙ ቆርቆሮ ላይ ይጻፍ፤ ከሳምንት በኋላ የትኛው ጥቅል እንደሆነ አይታወስም።

ለአንድ ቀን ስንት ፊልም ይበቃል?

ሁለት። አንዱ ካሜራ ውስጥ፣ አንዱ ኪስ ውስጥ። ፊልም የሚቀየረው ሰልፉ ሲቆም እንጂ 36ኛው ሲያልቅ አይደለም፤ 30 ላይ ደርሶ ሰልፉ ከቆመ ስድስቱን መተው ይሻላል።

ፊልሙን ከጫኑ በኋላ ወደሚቀጥለው ፎቶ የሚያሳልፈውን መሳቢያ ሲስቡ በግራ በኩል ያለው የመጠቅለያ እጀታ አብሮ መዞሩን ይመልከቱ። እጀታው ካልዞረ ፊልሙ ጥርሱን አልያዘም። እኔ ይህን ሳላይ አንድ ሙሉ የከተራ ከሰዓት በኋላ ከፒያሳ እስከ ጃን ሜዳ በባዶ ካሜራ ሳነሳ ውያለሁ፤ ያወቅሁት ቁጥሩ 38 ደርሶ አልቆም ሲለኝ ነው።

ሰዎችን ለማንሳት ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ?

ሰልፉን በጠቅላላ ለማንሳት ተሳታፊውን አንድ በአንድ መጠየቅ አይቻልም። አንድን ሰው ለይቶ ለማንሳት ግን መጠየቅ ይገባል፤ በተለይ በዓድዋ በዓል ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ ይዘው፣ ኒሻን ደርድረው የሚመጡትን አባቶች። «አባባ፣ ላንሳዎት?» ብሎ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ መጠበቅ ይበቃል። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ፤ እሺ ካሉ በኋላ ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ያየነው ሁኔታም ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን የቆሙበትን አንድ ፎቶ በአክብሮት አንስቶ፣ አመስግኖ፣ እዚያው አካባቢ መቆየት ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይረሱናል።

በታቦት ፊት የሚነጠፈውን ምንጣፍ አለመርገጥ፣ በካህናቱ ፊት ፍላሽ አለማብራት፣ ምንጣፉን እየጠቀለሉ የሚሮጡትን ወጣቶች መንገድ አለመዝጋት የግድ ነው። ወታደርን፣ የጥበቃ ኬላንና የቤተ መንግሥት አጥርን ደግሞ ከፍሬሙ ውጭ ማድረግ ይመከራል፤ የፊልም ካሜራ ያነሳውን አሳይቶና አጥፍቶ ለመገላገል አይመችም።

ፊልሙን የት ላሳጥበው? በቡና ማጠብ ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

ባለ ቀለም ፊልም ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ፣ የማይዋዥቅ ሙቀት ስለሚፈልግ ለለመደ ሰው መስጠት ይሻላል። ከመስጠትዎ በፊት «ኔጋቲቩን ትመልሱልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ስካን ብቻ ልኮ ኔጋቲቩን የሚጥል ፎቶ ቤት አጋጥሞኛል፤ የጠፋው ዋናው ነገር ነበር።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን በ20 ዲግሪ ገደማ፣ በቤት ውስጥ፣ ብርሃን በማያስገባ ማጠቢያ ጣሳ ይታጠባል። የቡናውም ነገር እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም የተሞከረው ዘዴ በውሃ የሚሟሟ ቡናንና የልብስ ማጠቢያ ሶዳን ይጠቀማል፤ ቫይታሚን ሲ ሲጨመርበት ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። የቡናው አሲድ በብርሃን የተነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል። በቡና አገር ኔስካፌ መግዛት ቢያሳፍርም የጀበና ቡና ውፍረቱ ከቀን ቀን ስለሚለያይ አይታመንም። ቤኪንግ ሶዳም እንዳለ አይሠራም። ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው የሚያስወግደውን ፊክሰር ግን መግዛት የግድ ነው፤ ያለ እሱ ፎቶው ብርሃን ላይ ሲወጣ ይጠቁራል።

ቀድሞ በአዲስ አበባ የአደባባይ በዓልን ያነሱ የነበሩት እነማን ናቸው?

በስም የሚታወቁት በአብዛኛው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሥራውን የወረሱት ልጆቹ፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በደርግ ዘመን የሠራው ሽመልስ ደስታ ይጠቀሳሉ። የእነሱ ካሜራ በሥራቸው ምክንያት በዙፋኑና በመድረኩ በኩል የቆመ ነው፤ ሕዝቡ በፎቶዎቻቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው። ከሕዝቡ መሃል ወደ መድረኩ የተነሳውን የሚያገኙት በየቤቱ አልበምና በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ብዥ ያለና የሰው ጀርባ የበዛበት ቢሆንም እንዳይጣል የምለምነው ለዚህ ነው።

ፎቶ ማንሳት ያየነውን እንድንረሳ ያደርጋል ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። ሊንዳ ሄንከል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ሙዚየም የጎበኙ ሰዎች ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎች በዓይን ብቻ ካዩዋቸው ያነሰ አስታውሰዋል። ነገር ግን ከዕቃው አንዱን ክፍል አቅርበው ያነሱት ሰዎች ትዝታቸው አልተጎዳም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የሌላ ቡድን ጥናት ደግሞ የሚያነሱትን ራሳቸው የመረጡ ሰዎች ያዩትን የተሻለ፣ የሰሙትን ግን ያነሰ እንዳስታወሱ አሳይቷል።

ሁለቱም ጥናቶች ስለ ፊልም ካሜራ አይናገሩም። ቢሆንም 36 ብቻ ያለው ሰው ሳይመርጥ ማንሳት ስለማይችል፣ መምረጥን የሚመለከተው ግኝት ለእኛ የቀረበ ይመስለኛል። በዚያ ከተራ ጥርሱን ያልያዘው ፊልሜ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ያነሳኋቸውን» አምስት ስድስት ፎቶዎች ዛሬም ከነጥላቸው ልስላቸው እችላለሁ፤ ዝማሬው ምን ይል እንደነበር፣ ሰው ምን እየጮኸ ይገፋ እንደነበር ግን አንድም አላስታውስም።

ስለዚህ የአደባባይ በዓልን የሚያነሳ ሰው የሚያጣው ድምፁን ነው፤ ከበሮውን፣ ጽናጽሉን፣ እልልታውን፣ ማርሽ ባንዱን፣ ከኋላው የቆመው ሰው የተናገረውን። ፊልም በሚቀየርበት ጊዜ አንድ ደቂቃ ጨምሮ የሰሙትን በማስታወሻ ደብተር መጻፍ ይህን በእጅጉ ያካክሳል። እኔ ከዚያ ዓመት ወዲህ ያለ ደብተር አልወጣም።

በቤታችን ለዓመታት ሳይታጠብ የቆየ ፊልም ተገኘ። ምን ይደረግ?

ቆርቆሮው አይከፈት፣ ካሜራ ውስጥ ካለም ካሜራው አይከፈት፤ ፊልሙ ወደ ቆርቆሮው ሳይጠቀለል ከተከፈተ ብርሃን ያበላሸዋል። ያልታጠበ ምስል ከዓመታት በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ጭጋግም ይሸፍነዋል፤ ጥቁርና ነጩ ግን ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ይተርፈዋል። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን በጥንቃቄ ያንብቡ። «ኮዳክሮም» የሚል ከሆነ በቀለም የማጠቡ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በዓለም ላይ ስለቆመ፣ ያለው አማራጭ በጥቁርና ነጭ ማውጣት ነው።

በአሮጌ የሰልፍ ፎቶ ላይ ቀን ካልተጻፈ ዘመኑን እንዴት አውቃለሁ?

ከሰዎቹ ይልቅ ከኋላቸው ያለውን ይመልከቱ። የሌኒን ሐውልት ከታየ ፎቶው የተነሳው ሐውልቱ በቆመበት በ1976 ዓ.ም. እና በፈረሰበት በግንቦት 1983 ዓ.ም. መካከል ነው። የትግላችን ሐውልት ካለ ከ1977 ዓ.ም. አይቀድምም። በመስቀል አደባባይ የሚሮጥ ቀላል ባቡር ካለ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ አደባባዩ አሁን ያለውን መልክ የያዘው ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ግንባታ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ስለተመለሰ፣ ቦታው ባዶ የሆነበት ፎቶ ዘመኑን አጥብቦ ይናገራል። በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ስለፈረሱ፣ ከዚያ በፊት ከምኒልክ አደባባይ ወደ ታች የተነሳ የዓድዋ ሰልፍ ከሰልፉ እኩል የሰፈሩም መረጃ ሆኗል።

ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ የቦታው ስም ይረዳል። «አብዮት አደባባይ» ከተባለ የደርግ ዘመን ነው፤ መስከረም 2 ቀን የሚከበረው የአብዮት በዓል ሰልፍም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ሰው መንግሥቱ ተለውጦም በለመደው ስም መጥራቱን አይተውም፣ ጽሑፉም ከፎቶው ዓመታት ዘግይቶ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ቤቱ የፈረንጅ ቀን ካተመበት ደግሞ ጥር 11 ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ እንደሚውል፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ወደ 20 እንደሚገፋ ያስታውሱ። እዚያ ላይ የታተመው የታጠበበት ቀን እንጂ የተነሳበት ላይሆንም ይችላል።

ኔጋቲቭ እንዴት ይቀመጣል?

ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ፣ እጅ ሳይነካው፣ በኔጋቲቭ መያዣ ወረቀት ወይም ላስቲክ ውስጥ። በክረምት እርጥበት የሚይዝ ግድግዳ አጠገብ አይሁን። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት አሮጌ ፊልም ካለ መበስበስ ጀምሯልና ከሌሎቹ ለይቶ ቶሎ ስካን ማድረግ ያስፈልጋል።

የማስታውሰው በዓሉን ነው ወይስ ፎቶውን?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ በልጅነታቸው በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ሰልፍ ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ፎቶውም አልበም ውስጥ አለ። የምናስበውን ያህል ሁለቱን መለየት አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት፣ ለ20 አዋቂዎች በልጅነታቸው በአየር ፊኛ ሲንሳፈፉ የሚያሳይ የውሸት ፎቶ ከእውነተኞቹ ጋር ተቀላቅሎ ቀረበላቸው፤ ግማሾቹ ያልሆነውን ጉዞ ቢያንስ በከፊል «አስታወሱ»። ወደ እኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 በጣሊያን የተደረገው ነው። ተመራማሪዎቹ የ1989ኙን የቤጂንግ ተቃውሞና የ2003ቱን የሮም ፀረ ጦርነት ሰልፍ ፎቶዎች ለውጠው አሳዩ። በቤጂንጉ ላይ ሕዝብ ጨመሩበት፣ በሮሙ ላይ ደግሞ ጠብ የሚፈልጉ የሚመስሉ ሰዎች አስገቡበት። የተለወጠውን የሮም ፎቶ ያዩ ሰዎች ሰልፉን ከነበረው የበለጠ ሁከት የነበረበት አድርገው አስታወሱት፤ ወደፊት እንዲህ ባለ ሰልፍ ላይ የመገኘት ፍላጎታቸውም ቀነሰ።

ኔጋቲቭ ይህን ችግር አያጠፋውም፤ ማዕዘኑን የመረጠው ሰው አሁንም እኛን እየመራ ነው። ያለው ጥቅም፣ የታተመው ፎቶ ተቆርጦ ወይም ተለውጦ እንደሆነ ለማመሳከር መመለሻ መሆኑ ነው። የራስዎን ትዝታ ለመፈተን ከፈለጉ ፊልሙ ታጥቦ ከመምጣቱ በፊት የሚያስታውሱትን ጽፈው ያስቀምጡ። በፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር፣ ሽታ፣ ድምፅ፣ ከጀርባዎ የነበረ ሰው፣ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ካለ ትዝታው ከፎቶው የመጣ አይደለም።

ፎቶው የሚያሳየውና ሽማግሌዎቻችን የሚሉት ሲጋጭ ማንን ልመን?

ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ከሁሉም ይቀድማል። ፎቶውን አስቀድሞ ያሳየ ሰው የሚሰማው ታሪክ ፎቶውን ተከትሎ የሚነገር ነው። በመጀመሪያ ፎቶው ሳይታይ ይጠየቁ፣ ከፈቀዱም ድምፃቸው ይቀዳ፤ ቀጥሎ ፎቶው ይቅረብ፤ ልዩነት ካለ ሁለቱም ለየብቻቸው ይጻፉ። ፎቶው ዝናብ ካላሳየና እሳቸው ዘንቦ ነበር ካሉ፣ ፎቶው የ1/500 ሰከንድ ምስክር መሆኑን፣ እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደዋሉ ማሰብ ይገባል። ስለ አንድ የማይካድ ነገር፣ ለምሳሌ ገና ስላልቆመ ሐውልት ከሆነ ግን ፎቶውን እመኑ፤ እሳቸውን ግን በሰው ፊት አያርሙ።

ከዚያ በኋላ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከፎቶው ውጭ ምን ነበር?» አክስቴን የጠየቅኋት በአብዮት አደባባይ የተነሳ፣ የማን ሰልፍ እንደሆነ እንኳ በውል የማይለይ አንድ ብዥ ያለ ፎቶ ይዤ ነው። እሷ በፎቶው ውስጥ የለችም። ጣቷን ከነጩ ጠርዝ አልፋ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና «እኔ እዚህ ጋ ነበርኩ፤ ጫማዬ ጠቦኝ አውልቄው» አለችኝ። በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጻፍኩት፦ «ከጠርዙ በስተቀኝ አክስቴ፣ በባዶ እግሯ።»